የመዳቡ ጀርባ

እሰይ! ሠርጉ አልቀረም! ጥር ሃያ ሦስት ዳስ ይጣላል፣ ከበሮ ይመታል፣ ሙሽሪትም በበቅሎ ትወጣለች! ይህን የምሥራች ከሰማሁ ገና አንድ ሰዓት አልሞላኝም፤ እግሬም መሬት አልያዘልኝም።

የማን ሠርግ? ትሉ ይሆናል። የወገራዋ የዓይናዲስ ልጅ፣ የሕይወት። ዓይናዲስ ዛሬ ጠዋት ፒያሳ ከጨርቅ ሱቄ ገብታ ለልጇ ጥበብ ስትመርጥ፣ ጎረቤቴ መስታወት ቆራጩ ያሕያም በሩን ተደግፎ ቃል ሲያቀብላት፣ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ሰማሁት። ደስታውን ያስቀደምኩት ሆን ብዬ ነው። መሐሉ ልብ ያርዳል፤ መውጫ እንዳለው እያወቃችሁ ግቡበት ብዬ ነው።

ዓይናዲስ የምትኖረው ጽድ በር በምትባል መንደር ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ ተነስቶ፣ ገደሉን በግራ እያዩ፣ ሁለት ሰዓት በእግር ያስኬዳል። ዕድሜዋ ሃምሳ አልሞላም። ነጭ ሽንኩርቷን ጎንጉና በአህያ ጭና ገበያ የምታወጣ፣ ከነጋዴ ጋር ስትከራከር ነጋዴው ራሱ ስቆ የሚረታላት ሴት ነበረች። ሳቋ ከሦስት ማሳ ማዶ ይሰማል ይሏታል። እስከ አምናው ኅዳር ድረስ ማለቴ ነው።

ባሏ አላምረው አምና በኅዳር ሞተ። አልታመመም። አንድ ማለዳ አጥር ሊያጥር ምሳሩን ይዞ ወጣ። ረፋድ ላይ ምሳሩ ከግንዱ ላይ እንደተሰካ ቆሞ ተገኘ፤ እሱ ከግንዱ ሥር በጎኑ ተኝቷል። ቁስል የለበትም፣ ደም የለበትም። "ምን ገደለው?" ሲባል መልስ የታጣለት ሞት ደግሞ በመንደር ውስጥ ቶሎ አይቀበርም፤ አስከሬኑ ቢቀበር ጥያቄው ከቤት ቤት ይዞራል።

በአላምረው ቤት አንዲት ሥዕለ ማርያም ነበረች። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣች፣ የተዘረጋ መጽሐፍ የምታህል፣ በእንጨት ሳይሆን በመዳብ ላይ የተሣለች። ፊቷ በዘመን ብዛት ጠይሟል፤ ሰማያዊ መጎናጸፊያዋ ግን ዛሬም ያበራል። ከፊት በነጭ ሻሽ ተጋርዳ፣ ከኋላ በቆዳ ተለብጣ፣ ከምሰሶው ላይ ተሰቅላ ትኖራለች። ወር በገባ በሃያ አንድ ሻሹ ይገለጥና ቤተሰቡ ይሳለማታል። ቆዳውን ግን ማንም ገልጦት አያውቅም። የሥዕል ጀርባ ምን አለኝ ብሎ ማን ያያል?

የአላምረው ሙት ዓመት ሲወጣ ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። መርጌታ ህሩይም ነበሩ። የወገራን ዲያቆናት ግማሹን ያስተማሩ፣ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ድርሳን በእጃቸው የሚጽፉ ትልቅ ሰው ናቸው። ጸሎቱ ሲያበቃ ሥዕሏን አውርደው፣ አስቀድመው ራሳቸው ሊሳለሟት ከፍ ሲያደርጓት፣ አይጥ ሲበላው የከረመው ቆዳ ስፌቱ ተበጠሰና ጧ ብሎ መሬት ወደቀ።

ከመርጌታ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሁሉ የመዳቡን ጀርባ አየ።

ባዶ አልነበረም። ፀጉር የመሰሉ ጭረቶች እንደ እባብ እየተጠማዘዙ ይወርዳሉ። እንደ ኪንታሮት ያበጡ ጉብታዎች በረድፍ ቆመዋል። ከመሐል ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ አለ። ከአንዱ ማዕዘን ደግሞ አካል የሌለው ራስ፣ ጉንጩን ነፍቶ፣ ከአፉ የሆነ ነገር ይተፋል። በየጉብታው መካከል ጽሑፍ ተበትኗል።

"ምንድነው እሱ?" አለ አንዱ ከወደ በሩ።

የመለሰችው ሕይወት ናት። አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ናትና ያወቀችውን ለመናገር ቸኮለች። "የፈረንጅ ፊደል ነው" አለች። ጠጋ ብላ አየችና፣ "ግን ተገልብጧል። ወደ ኋላ ነው የተጻፈው።"

ምነው ያን ጊዜ ምላሷን በያዘችው!

መርጌታ ሥዕሏን ቀስ ብለው ከጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። ጣታቸው ኮከቡን ሳይነካ ዙሪያውን ዞረ። ይህን ኮከብ በስንት ክታብ ላይ አይተውታል፤ መሐሉ ፊት ያለው፣ አጋንንት የሚታሰርበት፣ የጻፈው ሰው ከከፋ ደግሞ የሚፈታበት።

"ጠልሰም ነው" አሉ። "የጠልሰም ኮከብ አይጠፋኝም። ወደ ፊት የሚደገም ይጠብቃል። ወደ ኋላ የተጻፈ ግን..."

አልጨረሱትም። መጨረስም አላስፈለጋቸው፤ ወደ ኋላ የሚደገም ነገር ለምን እንደሚደገም ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የማያውቅ የለም። ጠላ የጨበጠ ጠላውን አስቀመጠ። ጋቢውን ያወለቀ አነሳ። ዓይናዲስ ከጓዳ ወጥ ይዛ ስትወጣ ከቤቱ የቀሩት ስድስት ሰዎች ነበሩ።

በሳምንቱ ቀዩ በሬ ከገደል ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ላሟ ጨነገፈች። ሌላ ጊዜ ቢሆን "የከብት ነገር" ተብሎ ያልፋል፤ አሁን ግን ነገር ሁሉ ወደዚያ ምሰሶ ይጠቁማል። ገብሷ ደረሰ። ለአጨዳ ወንፈል የጠራቻቸው "መጣን፣ መጣን" እያሉ ቀሩ። የሰው ገብስ ታጭዶ ሲከመር የሷ ብቻውን ቢጫ ሆኖ ቆሞ፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር ሲንሿሿ ይውላል። እሳት ልትጭር የሄደችበት ቤት "አሁን ጠፋብን" ይላታል፤ ጭሱ ከጣሪያው ሥር እየወጣ።

ይህን ሁሉ ትችለው ነበር። ያልቻለችው ራሷ ማመን መጀመሯን ነው። ሠላሳ ዓመት ከዚያ ምሰሶ ሥር ተኝታለች። ባሏ በሚተኛበት በኩል፣ ልክ ከራስጌው በላይ፣ ያ ጉንጨ ነፋሙ ራስ ከቆዳው ጀርባ ሆኖ ሠላሳ ዓመት ሲተፋበት ነበር ማለት ነው? ሥዕሏን እንዳትሰቅላት ፈራች፤ አውርዳ እንዳታስቀምጣትም ፈራች። ሲነጋ ዓይኗን እንደገለጠች አስቀድማ የምታየው የሕይወትን ደረት ነው፤ መተንፈሷን።

ሕይወት የታጨችው ለአያ ክንዱ ልጅ ነው። አያ ክንዱ ቅን ሰው ናቸው። በታኅሣሥ አጋማሽ አንድ ረቡዕ መጡ፤ ግን ከአጥሩ አላለፉም።

"ግቡ እንጂ አያ ክንዱ! ምነው እንደ እንግዳ ከደጅ ቆሙ?" አለች፤ ለመሳቅ እየሞከረች።

"ይሁን፣ እዚሁ ይሻለኛል እት ዓይናዲስ።" በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። "እኔ አንቺን ክፉ አልልም። አላምረውም ወንድሜ ነበር። ልጅትም ሸጋ ልጅ ናት። ግን ወለላ እንቅልፍ አጣች። የልጁ እናት ናት፤ ምን ላርጋት? 'ከዚያ ቤት ሙሽራ አላመጣም' ብላ ወጥራ ይዛኛለች።"

"ሥዕሏን ቤተ ክርስቲያን ባስገባትስ?"

"መርጌታ አይሆንም አሉ። ከፊቷ እመቤታችን ናት፣ ከኋላዋ እሱ ነው። እሱን ይዛ መቅደስ አትገባ፤ እሷን ይዞም ከገደል አይጣል።" አያ ክንዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሽማግሌ የቆረጠው እንዲህ ነው። ጀርባው ይፋቅ። ልሙጥ እስኪሆን ይፋቅ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከጽዱ ዛፍ ሥር አምጥተሽ ታሳያለሽ። ከተፋቀ ሠርጉ ሠርግ ነው። ካልተፋቀ እኛ ቃላችንን እናነሳለን። አንቺም... አንቺም ሌላ አገር መፈለግሽ አይቀርም እህቴ።"

ሐሙስ ማለዳ ሥዕሏን በነጠላ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን አዝላ ወጣች። መንገዱ ክፍት የሆነበት ቀን በመሆኑ አመሰገነች። የአምባ ጊዮርጊሱ ብየዳ ሠራተኛ ነጠላውን ገለጥ አድርጎ አየና፣ "እማማ፣ እኔ ልጆች አሉኝ" ብሎ መልሶ ሸፈነው። አውቶቡስ ተሳፍራ ጎንደር ገባች። እዚያም ሁለት ጋራዥ ሞከረች፤ አንደኛው ሳቀባት፣ ሁለተኛው አላየሁም አለ። በመጨረሻ አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ "ፒያሳ አንድ መስታወት ቆራጭ አለ። ሙስሊም ነው፤ የናንተን ጠልሰም ምናልባት አይፈራው" አላት።

የያሕያ ሱቅ ለለመደው ሱቅ ነው፤ ላልለመደው ያስደነግጣል። ግድግዳው ሁሉ መስታወት ነው። ዓይናዲስ ስትገባ ሃያ ዓይናዲሶች ሃያ ጥቅል አዝለው ከየአቅጣጫው አፈጠጡባት። ሁሉም ከስተዋል።

ያሕያ ስድሳ ዓመቱ ነው። ዛሬ የአሉሚኒየም መስኮትና የፎቶ ፍሬም ይሠራል እንጂ ሙያው ሌላ ነበር። ከአባቱ የተማረው በመስታወት ላይ መጻፍ ነው። የፀጉር ቤቱን፣ የመድኃኒት ቤቱን፣ የዳቦ ቤቱን ስም፣ ዝናብ እንዳያጥበው ከውስጥ በኩል ይጽፈዋል። ከውስጥ ሲጻፍ ከውጭ ቀና ሆኖ እንዲነበብ ፊደሉ ሁሉ ተገልብጦ ነው የሚጻፈው፤ በአማርኛም፣ በእንግሊዝኛም። አርባ ዓመት እጁ ወደ ኋላ ጻፈ። ከዚያ የሚለጠፈው ላስቲክ መጣና እንጀራውን ወሰደው።

"ይፋቅልኝ" አለች ዓይናዲስ። "ጀርባዋ ብቻ። ፊቷን እንዳትነካብኝ አደራህን። ጀርባውንም ብዙ አትየው፤ ለራስህ ብዬ ነው። ሳታይ ፋቀው።"

"ሳላይ እንዴት እፍቃለሁ እታለም?"

"ኧረ ይችላል" አለች ሚስቱ ዙህራ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ። "እኔንም ያገባኝ ሳያይ ነው።"

"አይቼ ቢሆንማ!" አለ ያሕያ።

ዓይናዲስ አልሳቀችም። ዙህራ ቀና ብላ ፊቷን አየችና ጨዋታዋን ዋጠች፤ ወንበር ሳበችላት። ያን ጊዜ ነው ዓይናዲስ ሁሉን የዘረገፈችው፤ ምሳሩን፣ በሬውን፣ የቆመውን ገብስ፣ እሑድን።

ያሕያ እጁን ታጠበ። ጠረጴዛው ላይ ባዘቶ ዘረጋና ሥዕሏን ከነሻሿ በፊቷ አስተኛት፤ ቀለሙ እንዳይጎዳ። ከዚያ ብረት መፋቂያ ማሽኑን፣ ግራይንደሩን አስነሳ። ድምፁ መስታወቱን ሁሉ አንቀጠቀጠው። ዓይናዲስ ጆሮዋን ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። የመዳብ ብናኝ እንደ በርበሬ ከጠረጴዛው ጫፍ ፈሰሰ።

ድንገት ፀጥ አለ።

ዓይኗን ስትገልጥ ያሕያ ግራይንደሩን እንደያዘ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዷል። ዓይኑ ከመዳቡ አልተነቀለም። ከንፈሩ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል። ዓይናዲስ በልቧ፣ "ወይኔ፣ ያዘው" አለች።

"ይህን ማን አነበበልሽ?" አላት።

"ማንም። አይነበብማ። ወደ ኋላ ነው።"

"ለሰው ወደ ኋላ ነው። እኔ ዕድሜዬን ያነበብኩት ወደ ኋላ ነው።" ግራይንደሩን አስቀመጠ። "ዙህራ፣ ያንን መስታወት ከግድግዳው አውርጂልኝ።"

መስታወቱን በመዳቡ ትይዩ ሲያቆመው ዓይናዲስ ወደ በሩ ሸሸች። ዙህራ እጇን ይዛ ባትመልሳት ኖሮ አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ አትቆምም ነበር። መስታወቱ ውስጥ ጽሑፉ ዞሮ ቀና ብሎ ቆሟል። ያሕያ በጣቱ እየተከተለ አነበበ።

"ዳም... ቤ... ያ።" ጣቱ ጉብታዎቹን አልፎ ወደ ጎን ሄደ። "ወ... ጋ... ራ።"

"ምን አልክ?"

"እኔ አላልኩም፤ እሱ ነው ያለው። ደንቢያ ነው፣ ይሄኛው ወገራ።"

"የኛ ወገራ?"

"ሌላ ወገራ አለ እንዴ እታለም? ይሄ ሰፊው ባዶ ጣና መሆኑ ነው። እነዚህ የሚጠማዘዙት ወንዞች ናቸው። ጉብታዎቹ ተራሮች ናቸው። ካርታ ነው! የድሮ ፈረንጆች የሠሩት የኛው አገር ካርታ!"

ነገሩን ያወቀው ከሥራው ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሆቴል ያረጁ የካርታ ወረቀቶች ፍሬም እንዲያደርግለት አምጥቶለት ነበር። በየወረቀቱ ዙሪያ የሰመጠ መስመር አይቶ "ምን ተጭኖት ነው?" ብሎ ሲጠይቅ ነገሩት። ቀራጩ አገሩን ገልብጦ በሹል ብረት መዳብ ላይ ይቀርጻል፤ ጭረቱን ቀለም ይሞላዋል፤ እርጥብ ወረቀት ሲጫንበት አገሩ ቀና ሆኖ ይወጣል። ያሕያ ያን ቀን፣ "ይሄማ የአባቴ ሙያ ነው!" ብሎ እንደነበር ዙህራ ትመሰክራለች።

"ታዲያ እመቤታችን ምን ልታደርግ ከካርታ ጀርባ ገባች?" አለች ዙህራ።

"መዳብ ውድ ነው። ካርታው ሲያረጅ ሰሌዳው ይሸጣል። ሠዓሊ ልሙጡን ጎን አይቶ ገዝቶ ሣለበት። ከዚያ በነጋዴ ይሁን በመነኩሴ እጅ እዚህ ደረሰ። ግምቴ ነው፤ አላየሁም።"

ዓይናዲስ ደስ ይላት ይመስላችኋል። አላላትም። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እጇን አጨባበጠች። ሽማግሌ ያለው ይፋቅ ነው። አሁን ያሕያ ቢጨርሰው ልሙጡን ይዛ ትሄዳለች፣ ሠርጉም ይቀናል። ግን አላምረው በሰይጣን ሥር ተኝቶ እንደሞተ፣ ሕይወትም ከሰይጣን ቤት እንደወጣች ለልጅ ልጅ ይወራል፤ ያልሆነ መሆኑን የሚያሳይ ነገር አይኖርም። ሳይፋቅ ይዛው ብትሄድስ? የአንድ ገበሬ ሴትና የአንድ መስታወት ቆራጭ ቃል ከመርጌታ ህሩይ ቃል ይበልጣል? ካልበለጠ ሠርጉም የለ፣ ቤቱም የለ።

ያሕያ እጁን ግራይንደሩ ላይ አድርጎ ጠበቃት።

"አትፋቀው" አለች።

"እንግዲያው እሑድ እኔም እመጣለሁ።"

"አንተ?" አለች ዙህራ። "ከፒያሳ ቤታችን በእግር መድረስ አቅቶህ ባጃጅ የምትይዝ ሰውዬ?"

"አህያ አላቸው፤ ትጫነኛለች።"

"አህያይቱን ፈጣሪ ይርዳት።"

እሑድ ጽዱ ሥር መንደሩ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ጽዱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ጉም ከሥር እየወጣ የሰዉን እግር ይሸፍናል። ያሕያ መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከጎን ተቀምጧል። ማንም ሰላም አላለውም። ሕይወት ከእናቷ ኋላ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ቆማለች።

መርጌታ ሥዕሏን ተሳልመው ጀርባዋን ገለበጡ። አንዱ ማዕዘን ብቻ ልሙጥ ሆኗል። ኮከቡ እንዳለ ነው። ጉንጨ ነፋሙም እንዳለ ነው።

"አልተፋቀም" አሉ።

ሕዝቡ አጉረመረመ። አያ ክንዱ አንገታቸውን ደፉ።

ዓይናዲስ ተናገረች። ካርታ ነው አለች፣ ስማችን ነው የተጻፈበት አለች። ያሕያ መስታወቱን አወጣ። መርጌታ ግን እጃቸውን አነሱ።

"መስታወት የሚያሳየውን ሁሉ ብናምን ቀኝ እጃችን ግራ በሆነ ነበር።"

"እንግዲያው በወረቀት አወጣዋለሁ" አለ ያሕያ። "እዚሁ፣ ፊትዎ።"

"ካንተ ቤት የመጣ ቀለም አይነካትም። የኔ ቀለም ይሁን፤ ድርሳን የጻፍኩበት።"

ባዘቶ ተዘረጋ፣ ሥዕሏ ከነሻሿ ተኛች። ያሕያ የመርጌታን ቀለም ከቀንዱ አፍስሶ መዳቡ ላይ አሸው፣ ጠረገው፣ እርጥብ ወረቀት አለበሰው፤ በማንኪያ ሆድ ቀስ እያለ ዳሰሰው። ወረቀቱ ተነሳ።

ምንም የለበትም። ግራጫ እድፍ ብቻ።

"እምቢ አለ!" አለች አንዲት ሴት። "ከቦታው አልወጣም አለ!" ልጅ አለቀሰ። እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ያሕያ ወረቀቱን አስቀመጠ። ለዓይናዲስ በሹክሹክታ፣ "ቀለማቸው የውኃ ነው" አላት። "መዳብ ውኃ አይዝም፤ ያንሸራትተዋል። ያልበጠበጡትን ደረቅ ጥላሸታቸውን በዘይት ነው መለወስ። ዘይት ፈልጊልኝ።"

መርጌታ ሰምተዋል። "ዘይቱም ከዚሁ አገር ይሁን" አሉ። "ከአንቺ ቤት ግን አይሁን።"

ዓይናዲስ ወደ ሕዝቡ ዞረች። "የኑግ ዘይት ያላችሁ! ስለ ማርያም!" የሚነሳ የለም። አብራት ያረመች፣ አብራት ያለቀሰች ሴት ሁሉ ዓይኗን ወደ ገደሉ አዞረች። ነፋስ ተነሳና ከማዶ ያልታጨደው ገብሷ ሲንሿሿ እስከዚያ ድረስ ተሰማ።

ከሴቶቹ መሐል አንዷ ብድግ ብላ ሄደች። የአያ ክንዱ ሚስት ወለላ ናት፤ "ሙሽራ አላመጣም" ያለችው። ከቤቷ ጠርሙስ ይዛ ስትመለስ ባሏ፣ "ወለላ!" አሏት በቁጣ።

"ምን 'ወለላ' ይሉኛል? እውነቱን ሳላውቅ ዕድሜ ልኬን እንቅልፍ ልጣ? እንካ ሰውዬ፣ ዘይቱን ያዝ።"

ያሕያ የመርጌታን ደረቅ ጥላሸት በዘይቱ ለወሰ። መዳቡን ዳግመኛ አሸው፣ በባዘቶ ጠረገው፣ ወረቀቱን አለበሰው። አሁን እጁ ቀስ አለ፤ ማንኪያው አንዲት ጉብታ አላመለጠውም። ወረቀቱን ከማዕዘኑ ይዞ ላጠው።

ወንዞቹ ወጡ። ተራሮቹ ወጡ። ፊደሎቹ ቀና ብለው ወጡ።

"እኔ አላነብም፤ የኔን ንባብ አታምኑም" አለ። "ልጅቱ ታንብብ።"

ሕይወት ወረቀቱን ተቀበለች። ባለፈው አፏን ስትከፍት የሆነውን ታውቃለች። እናቷን አየች። ከዚያ አነበበች። "ዳም...ቤያ።"

"ደንቢያ!" አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

"ወጋራ።"

አያ ክንዱ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

"ሴ...ሜን።"

"ሰሜን! ወይ ጉድ፣ የሰሜን ተራሮች!" ሕዝቡ ወደ ፊት ጎረፈ። አንድ አዛውንት አንገታቸውን አስረዝመው አዩና፣ "የታለ? ኧረ ይሄ ሰውዬ ሰሜንን ቆላ አውርዶታል!" አሉ። "ይሄስ? ዝሆን ነው? ወገራ ላይ? በዚህ ውርጭ?" የመጀመሪያው ሳቅ ያኔ ፈነዳ። የቀረጸው ሰው አገራችንን ረግጦት አያውቅማ፤ የማያውቀው ቦታ ባዶ ሆኖ እንዳያሳፍረው ዝሆን አቁሞበታል!

መርጌታ ግን አልሳቁም። "ይህ ራስ?" አሉ።

"ነፋስ ነው መርጌታ። የድሮ ካርታ ሠሪዎች ነፋስን እንዲህ ይሥሉት ነበር። ኮከቡም አቅጣጫ ነው፤ ምሥራቅ፣ ምዕራብ።"

መርጌታ ወረቀቱን ከመዳቡ ጋር አስተያዩት። "እኔ የማውቀውን አየሁ እንጂ ያለውን አላየሁም" አሉ በመጨረሻ። "ዓይናዲስ፣ ይቅር በይኝ።"

"ይቅርታውስ ይደርሳል መርጌታ" አለች ዓይናዲስ። "ገብሴ ግን ቆሟል።"

ሰኞ በአርባ ማጭድ ታጨደ። ግማሹን ነፋስ አርግፎታል፤ የቀረው ግን ገብቷል። አያ ክንዱም አጥሩን አልፈው ገቡና፣ "ጥር ሃያ ሦስት ብለን ነበር፤ ጥር ሃያ ሦስት ነው" አሉ። ሥዕሏ ከምሰሶው ተመልሳለች፤ ጀርባዋም አዲስ ቆዳ ለብሷል፤ የሰፉት መርጌታ ራሳቸው ናቸው።

ዓይናዲስ ይህን ሁሉ ነግራኝ ስታበቃ ጥበቡን በእጇ እንደያዘች ቀና አለች። "ታዲያ አላምረውን ምን ገደለው?" አለችኝ። እኔ ምን አውቄ! ያሕያም ወደ መንገዱ ዞረ። ያቺ ጥያቄ ዛሬም እዚያው ናት፤ አገሩ ሁሉ ቢነበብ እሷን የሚያነብ አልተገኘም። ዓይናዲስ ግን አረንጓዴ ጥለት ያለውን መረጠች፣ በትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ አየችው፣ "ልጄ ቀይ ናት፣ ያምርባታል" አለች፤ ሳቀችም። ሳቋን ሰማሁት እኮ! ልክ እንደሚሉት ነው!

በሉ እንግዲህ፣ ሱቄን ልዝጋ። የያሕያ እህት ፈህሚያ አዲስ ዓለም ሰፈር ሆና፣ ወንድሟ እሑድ በአህያ ተጭኖ ወገራ ምን ሠርቶ እንደመጣ ገና አልሰማችም። ዙህራ ነጠላዋን ስትለብስ አይቻታለሁ። ቀድማኝ ሳትነግራት ልሩጥ፤ ኧረ ባጃጅ! ባጃጅ!